በማዕድ ዙሪያ ከልብ የሚያስከፏችሁ ጥቃቅን ነገሮችና ቃላት የትኞቹ ናቸው?

የቧንቧ ውኃዋ (ደሴ)

ጤና ይስጥልን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆች። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጉዳይ አገር የሚያናጋ አይደለም፤ ይሁንና እኔን ከልቤ ስለሚያስከፋኝ፣ ሌላም ሰው እንደኔ ይሰማው እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቻለሁ። ምግብ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ብዙውን ጊዜ የሚያናድደኝ ምግቡ ራሱ አይደለም፤ ስለ ምግቡ የተነገረኝ ቃልና ከፊቴ የተቀመጠው ሳህን ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው።

«ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠውን «ሁሉም አለ» የሚል መልስ ውሰዱ። ሁሉም ካለ ብዬ ቅቅል አዝዛለሁ፤ «ቅቅል እንኳ ዛሬ አልተሠራም» እባላለሁ። ዱለት ስል «እሱ ጠዋት ነው የሚያልቀው» ይሉኛል። ምስር ወጥ ስል አስተናጋጇ ማድ ቤት ደርሳ ትመለስና «ጨርሰናል» ትላለች። እንዲህ እያልን ስንወርድ ቆይተን የምናርፈው ሽሮና ጥብስ ላይ ነው። ከመጀመሪያው «ሽሮና ጥብስ አለ» ብባል ኖሮ ሽሮ ስለምወድ ደስ ብሎኝ በልቼ እሄድ ነበር።

ሁለተኛው «ስፔሻል» የሚለው ቃል ነው። ጠዋት ፉል ለመብላት ስገባ «ኖርማል ነው ስፔሻል?» ተብዬ እጠየቃለሁ። አንዱ ቤት ስፔሻል የሚለው እንቁላል የተጨመረበትን ነው፤ ሌላው አቮካዶና እርጎ ያለበትን ነው፤ ሌላው ደግሞ ያንኑ ፉል በሰፋ ሳህን አድርጎ ያቀርባል። ዋጋው ግን በሁሉም ቤት ከፍ ይላል። ቃሉ ምን እንደያዘ የሚያውቀው የፉሉ ባለቤት ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ገንዘቤን የምከፍለው በግምት ነው ማለት ነው።

ሦስተኛውና ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የተጋቢኖ ነገር ነው። ተጋቢኖ ወፍራም ነው፤ ከነሸክላው እየተንተከተከ መጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠም በኋላ መሐሉ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አይተውም፤ ዳርና ዳሩ ሸክላውን ይዞ ትንሽ ያረረውን በእንጀራ ፍቆ መብላት ደግሞ የመጨረሻው ደስታ ነው። አሁን አሁን ግን በትልቅ ድስት የተሠራ ፈሰስ ያለ ሽሮ በጭልፋ ተቀድቶ ሸክላ ውስጥ ይገለበጥና «ተጋቢኖ» ተብሎ ይመጣል። ሸክላውን በእጄ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ሸክላው ቀዝቃዛ ከሆነ እሳት እንዳላየ ለማወቅ ወጥ ሠሪ መሆን አያስፈልግም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የእናንተስ ቅያሜ ምንድን ነው? ሁለተኛው ደግሞ፣ በእኛ አካባቢ ምግብ መንቀፍ ነውር ስለሆነ፣ አስተናጋጇንም ሆነ ባለቤቱን ሳናስቀይም እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርገን መናገር እንችላለን?

የፒያሳ ደንበኛ (ደሴ)

ብቻሽን አይደለሽም፣ እህቴ። የእኔ ቅያሜ በያይነቱ ነው። ስሙ ራሱ ምን ቃል እንደሚገባልን ማንም ያውቃል፤ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ሊቀርብልን ነው። ረቡዕና ዓርብ አንድ ጥሩ በያይነቱ ሲመጣ ቀይ ምስር፣ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ከመሐል ሽሮ፣ ከዳር ደግሞ ስልጆና ስንግ ቃሪያ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ጣዕም ስላለው ከአንዱ ወደ ሌላው እያሉ መብላት ያስደስታል። በቅርቡ አንድ ቤት ያቀረበልኝ ግን በአንድ በኩል ሽሮ፣ በሌላ በኩል ሽሮው ላይ ውኃ ተጨምሮበት የቀጠነ ሌላ ሽሮ፣ በመሐል የተከተፈ ቲማቲም ነበር። ይህ ሽሮ በሰላጣ ነው፤ ሽሮ በሰላጣ ተብሎ ቢቀርብልኝ ምንም ቅሬታ አይኖረኝም ነበር።

ስለ ስፕሪስም ልጨምር። ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን በሸፈነበት ማለዳ አንድ ካፌ ገብቼ ስፕሪስ አዘዝኩ፤ ሻይና ቡና የተደባለቀበትን ትኩስ ብርጭቆ ማለቴ ነበር። የመጣልኝ አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት የቀዘቀዘ ጭማቂ ነው። አስተናጋጁን አልወቅሰውም፤ በእነሱ ቤት ስፕሪስ ማለት እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ለትኩሱም ለቀዝቃዛውም ካገለገለ «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ የአስተናጋጁ ፋንታ ይመስለኛል፤ በተለይ በዚያ ብርድ።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

የእኔ አጭር ነው። የየትኛውም ፋብሪካ የታሸገ ውኃ «ሃይላንድ» መባሉን ለምጄዋለሁ፤ የዱቄት ሳሙናውም ሁሉ «ኦሞ» ሆኖ ቀርቷል፣ እሱም አይከፋኝም። የሚያስከፋኝ ባዶው ጠርሙስ መስፈሪያ ሲሆን ነው። ገበያ ወጥቼ «ማሩ ስንት ነው?» ስል «በሃይላንድ ይኼን ያህል» እባላለሁ። የትኛው ሃይላንድ? ግማሽ ሊትሩ ነው፣ አንድ ሊትሩ ነው፣ ሁለት ሊትሩ? ሻጩ አንዱን እያሰበ ዋጋ ይነግረኛል፣ እኔ ሌላውን እያሰብኩ እከራከራለሁ። በዚህ ላይ ደግሞ ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የኪሎን ዋጋ ከሊትር ዋጋ ጋር ያምታታ ሰው ርካሽ የሆነውን ውድ፣ ውድ የሆነውን ርካሽ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ሚዛን ባለበት ሁሉ በሚዛን ይሁን እላለሁ።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ለዓመታት አስተናግጃለሁ፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ያለውን ነገር ላስረዳችሁ። «ሁሉም አለ» የሚለውን መልስ አስተናጋጇ ከራሷ አታመጣውም። እንግዳው ገና ከመቀመጡ «የለም» የሚል ቃል ሰምቶ እንዳይነሣ ሲል ባለቤቱ ቀድሞ ያስጠናታል። ማድ ቤቱ ደግሞ ምን እንዳለቀ የሚነግረን ትእዛዝ ይዘን ስንገባ ብቻ ነው። ከተማችን መንገደኛ የሚያርፍባት ናት፤ ከወደብ የሚመለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ተከታትለው የገቡ እንደሆነ፣ አሁን ሞልቶ የነበረ ድስት አንዱን ጠረጴዛ አስተናግደን ወደ ሌላው እስክንዞር ባዶ ይሆናል። አስተናጋጇ «አለ» ስትል በእርግጥም ነበረ። የቧንቧ ውኃዋ እህታችን ያለችው ግን እውነት ስለሆነ አልከራከራትም፤ በየሰዓቱ የሚስተካከል ሰሌዳ ማድ ቤቱ በር ላይ ቢሰቀል ግማሹ ችግር ይቃለላል።

እስከ መጨረሻው የምከራከርለት «መጣሁ» ለሚለው ቃላችን ነው። ብዙ ሰው «መጣሁ እያለች ትሄዳለች» ብሎ ያማርራል። እናት ከጓዳ ስትጠራ ልጅ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይል የለም? ከወዳጁ ቤት ለመውጣት ያሰበ ሰው ገና ጫማውን ሳያስር «በሉ እኔ ሄድኩ» ይል የለም? ድርጊቱ ገና ሳይፈጸም፣ ነገሩ ቁርጥ መሆኑን ለማሳወቅ በኃላፊ ጊዜ መናገር የአማርኛችን ወግ ነው። አስተናጋጇ «መጣሁ» ስትል «ሰምቼሃለሁ፣ ተራህ ይደርሳል» ማለቷ ነው። በሁለት እጇ ትኩስ ሸክላ የያዘች ሰው ከዚህ ያጠረ ምን ልትል ትችላለች?

አሁን ደግሞ የእኔን ቅያሜ ስሙልኝ። ማጨብጨቡን ከአባቶቻችን የመጣ ልማድ ነው ብዬ ችዬዋለሁ፤ በጥርስ መሐል «እስስ» እያሉ መጥራት ግን ከልቤ አይወጣም። እንደ እሱ የሚያስከፋኝ «ቶሎ የሚደርስ ምን አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ፍርፍር ወይም ሽሮ ቶሎ እንደሚደርስ ሲነገረው፣ «እንግዲያው ደረቅ ጥብስ አድርጊልኝ፣ ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ» የሚል ደንበኛ ነው። ደረቅ ጥብስ ሥጋው ተከትፎ፣ ውኃው እስኪመጥጥ ተጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ በቅቤ ተጠብሶ ነው የሚወጣው፤ ጊዜውን ይወስዳል። ጥድፊያም ደረቅ ጥብስም በአንድ ትእዛዝ አይገኙም። ሦስተኛው «እንደተለመደው» ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ገብተው ተቀመጡና ከዚያች ቃል ሌላ አልጨመሩም፤ ምን እንደሚበሉ ለማወቅ የቤቱን ሠራተኞች በሙሉ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁና እኔን የሚያስከፋኝ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ነው። አትክልት ቤቱ ደጃፍ ላይ «ፍራፍሬዎች»፣ ወፍጮ ቤቱ ላይ «ጥራጥሬዎች»፣ የቅመም ሱቁ ላይ «ቅመማ ቅመሞች» ተብሎ ተጽፎ አያለሁ። ቋንቋችን እነዚህን ነገሮች የሚያበዛበት የራሱ የሆነ ውብ ዘዴ አለው፤ ቃሉን ይደግመዋል። ፍሬ ሲበዛ ፍራፍሬ ይሆናል፣ ጥሬ ሲበዛ ጥራጥሬ ይሆናል፣ ቅጠል ቅጠላ ቅጠል፣ ቅመም ቅመማ ቅመም ይባላል። ድግግሙ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ልዩ ልዩነቱንም አብሮ ይነግረናል፤ ጥራጥሬ ስንል ባቄላውም፣ አተሩም፣ ሽምብራውም፣ ምስሩም በአንድ ቃል ይታየናል። በዚህ ላይ «ዎች» መጨመር የሞላ ስኒ ላይ ቡና እንደ መቅዳት ነው።

አትክልትም እንዲሁ ነው። ከግዕዝ ስንወስደው ተክል አንዱ፣ አትክልት ብዙው ነበር፤ ስለዚህ «አትክልቶች» የተባለው ሁለት ጊዜ በዝቷል። ቃላት፣ ሕፃናት፣ መምህራን የሚሉትም በዚያው መንገድ የገቡ ብዙዎች ሆነው ሳሉ «ቃላቶች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «መምህራኖች» ሲባሉ በየቀኑ እሰማለሁ። የመጨረሻው በተለይ ያመኛል፤ ስለ እኔ የተነገረ ነውና።

ስለ «ስፔሻል» የተነሣው ነገር መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። በውስጡ ያለው በስሙ ይጠራ። «ፉል በእንቁላል»፣ «ፉል በአቮካዶ»፣ «ፉል በእርጎ» ተብሎ ቢጻፍ ቦታ አይፈጅም፤ ደንበኛውም የከፈለበትን አውቆ ይከፍላል። ቦዘና ሽሮን ተመልከቱ፤ ሥጋ ያለበት ሽሮ መሆኑን ስሙ ስለሚናገር ማንም «ስፔሻል ሽሮ» ሊለው አላስፈለገውም።

ምግብ መንቀፍ ነውር ነው ወይ ለሚለው ደግሞ የከተማችንን ታሪክ ላስታውስ። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ትልቁም ትንሹም ሳይለይ ገብቶ የሚበላበት ቤት እንዲህ ያለ ስም ማግኘቱ፣ በዚህ አገር ሰውንም ማዕድንም አለመጸየፍ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ያሳያል። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፤ የተቸረንን ማዕድ አንነቅፍም፣ የገዛነውን ግን እንደ ተነገረን ሆኖ እንዲመጣ መጠየቅ መብታችን ነው፤ መጸየፍም አይባልም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዕድሜዬ ምክንያት ካፌ ስገባ «ፋዘር፣ ምን ልታዘዝ?» እባላለሁ። ልጆቹ በቅንነት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጋሼ፣ አባባ፣ አንቱ የሚሉ ቃላት ባሉበት አገር ግን ይኼኛው ጆሮዬ ውስጥ አይገባም።

ሐረጎን በየቀኑ (ደሴ–ኮምቦልቻ)

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ስለምወርድና ስለምወጣ በሁለቱም ከተማ እንጀራ እበላለሁ። የሚያስከፋኝ ቃል «የዛሬ ነው» የሚለው ነው። «እንጀራው የዛሬ ነው?» ስትሉ «አይ የትናንት ነው» ያላችሁ ምግብ ቤት አለ? እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ነገሩን ለመለየት ግን መጠየቅም አያስፈልግም። የዛሬ እንጀራ ሲጠቀለል ይታዘዛል፤ ዳሩ አይሰነጠቅም፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ዓይኑም ወጡን ይመጥጣል። ያደረው ዳርና ዳሩ ደርቆ መሐሉ ብቻ ይለሰልሳል። ገና ትኩስ ሳለ ተደራርቦ ላብ የያዘው ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲነሣ ይቀደዳል፤ እሱ የዛሬ ቢሆንም አያኮራም። ማደሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። የትናንቱ ለፍርፍር ከዛሬው ይሻላል፤ እውነቱን ብባል ያለ ቅሬታ ፍርፍር አዝዛለሁ።

የሁለቱን ከተሞች ልዩነት በተመለከተ ግን ኮምቦልቻን ያለ ጥፋቷ የሚወቅሷት ሰዎች አሉና ልከራከርላት። «የኮምቦልቻ እንጀራ ይኮመጥጣል» ይላሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። እርሾ ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ደሴ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ ኮምቦልቻ ላይ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይቦካል። የደሴን ቀን ቆጥራ ኮምቦልቻ ላይ የምትጋግር ሴት ሊጡ ያልፍባታል፤ እንጀራውም ይኮመጥጣል። የከተማዋን ሙቀት የምታውቅ ጋጋሪ ግን ላዩ ላይ የጠለለውን ውኃ በጊዜው ደፍታ፣ አብሲቱን ጥላ፣ ኩፍ ሲል ወዲያው ትጋግራለች፤ የእሷ እንጀራ እንከን የሚወጣለት አይደለም።

ጥራጥሬ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። (መምህር፣ «ዎች» አልጨመርኩም።) ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሽምብራና ባቄላ ደሴ ላይ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ለፉል «አሁን ይደርሳል» የተባላችሁ እንደሆነ፣ ባቄላው ከማታ ጀምሮ የተዘፈዘፈና የተጣደ መሆኑን ጠይቁ። ካልሆነ «አሁን» የተባለው ምሳ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የሰኞ ገበያ እናት (ደሴ)

እናንተ ስለ ምግብ ቤት አወራችሁ፣ እኔ ስለ ቤት ላውራ። የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣበት «ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን» ብሎ መለመኑ የፍቅር ነው፤ እኔም እለምናለሁ። የሚያስከፋኝ ልመናው ወሰን ሲያጣ ነው። ሰው ጾም ላይ መሆኑን እየተናገረ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ማለት ፍቅር አይደለም። እኛ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ሠርግ ስንደግስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ አርደን፣ ለየብቻ ሠርተን፣ አብረን የምንቀመጥ ነን። ይህን ያህል የሚተሳሰብ ሕዝብ ውስጥ ጾመኛን መገፋፋት አይገባም። ጉርሻም እንዲሁ ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና መደገሙን እቀበላለሁ፤ የጉርሻው መጠን ግን የጎራሹን አፍ ያገናዘበ ይሁን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ የሚያላምጥ እንግዳ አይቼ አዝኛለሁ።

ከቃላት ደግሞ ሁለት የኛው የሆኑ አሉኝ። አንደኛው «ጀባ» ነው። ጀባ ማለት ቡናው ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ካላችሁ ላይ በምርቃት ለሰው ማቅረብ ነው፤ ተቀባዩም መርቆ ይቀበላል። ዛሬ ማንኛውም ማስታወቂያና ማንኛውም የስልክ ምስል «ጀባ ብያችኋለሁ» እየተባለ ይለቀቃል። ምርቃት ሳይሰጥ፣ ምርቃትም ሳይቀበሉ ጀባ ማለት የቃሉን ግማሽ መጣል ነው።

ሁለተኛው «አብሽር» ነው። ይህን ቃል እኛ የምንለው ለታመመ፣ ለተጨነቀ፣ ልቡ ለተሰበረ ሰው ነው፤ አይዞህ፣ መልካም ይሆናል ለማለት። ያዘዝኩት ምግብ ዘግይቶ «የት ደረሰ?» ስል «አብሽሪ፣ እማማ» እባላለሁ። እኔ ያዘዝኩት ሻይ በዳቦ ነው፤ ሐዘን ላይ አይደለሁም። «ትንሽ ይቆያል፣ ይቅርታ» ብባል ይበቃኛል።

በመጨረሻ ስለ ቡና ልናገር። አቦል ጠጥቶ ወዲያው «ቸኩያለሁ» ብሎ የሚነሣ እንግዳ ቅር ያሰኘኛል። አቦል የመጀመሪያው፣ ቶና ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛው በረካ የተባለው በረከቱ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። የሚቸኩል ሰው እንደሚቸኩል ገና ቡናው ሳይወቀጥ ቢናገር ደግሞ ያለ ቅያሜ እሸኘዋለሁ፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱን አሽትቶ፣ አንድ ስኒ ጨልጦ በረካውን ጥሎ መሄድ ግን ለእኔ የምግብ ነቀፋ ያህል ነው።

የቧንቧ ውኃዋ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ ስለ «አብሽር» ያሉት ልቤን ነካው፤ እኔ ራሴ ቃሉን በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። መምህር ስለ አይጠየፍ ያነሡትንም ተቀብያለሁ፤ የተቸረንንና የገዛነውን መለየት ለሁለተኛው ጥያቄዬ ግማሽ መልስ ሆኖልኛል። የቀረኝ ግማሹ ነው። ከቦርከና ማዶ ያለሽው እህቴ፣ ቀዝቃዛው ሸክላ ተመልሶ ቢመጣብኝ፣ አስተናጋጇ በባለቤቱ ፊት እንዳትዋረድ አድርጌ ምን ልበላት?

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

መልካም ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ስታዢ «ምን አለ?» አትበዪ፤ «አሁን ማድ ቤት የደረሰው ምንድን ነው?» በዪ። ለዚህ ጥያቄ «ሁሉም» ብሎ መመለስ አይመችም፤ አስተናጋጇ ገብታ አይታ ትመጣለች። ተጋቢኖ ስትፈልጊም «በሸክላው ላይ ይሠራልኝ፣ እጠብቃለሁ» ብለሽ እዘዢ። «እጠብቃለሁ» የምትለዋን አትርሺ፤ ሸክላው ሳይግል የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ይቆጣል ተብሎ ስለሚፈራ ነው።

ቀዝቅዞ ከመጣ ደግሞ ሳትነኪው፣ ድምፅሽን ሳታሰሚ፣ አስተናጋጇን ጠርተሽ «እህቴ፣ ይኼን መልሰሽ እሳት ላይ አድርጊልኝ» በያት። «ይኼ ምን ተጋቢኖ ነው?» ያልሻት እንደሆነ መልስ ፍለጋ ወደ ባለቤቱ ትሄዳለች፤ ነገሩም ክርክር ይሆናል። «እሳት ላይ አድርጊልኝ» ስትያት ግን የምትሄደው ወደ ወጥ ሠሪዋ ነው፤ ወጥ ሠሪዋም ሸክላው ለምን እንደተመለሰ ሳይነገራት ይገባታል። እንጀራውን ግን ከእሷ ጋር አትመልሺው፤ ሽሮው እስኪንተከተክ በፎጣ ሸፍነሽ አጠገብሽ አቆዪው፣ አለዚያ ሸክላው ሲግል እንጀራው ይደርቅብሻል።